ስለ ሆፒ ሕዝብ የሚያውቅ አለ? «ትንቢታቸው» የሚባለውስ እውነት ነው?

የኦሃዮው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን በአማርኛ የተሠራ አርባ ደቂቃ የሚፈጅ የዩቲዩብ ቪዲዮ አየሁ። አሜሪካ ውስጥ ሆፒ የሚባሉ ቀደምት ሕዝቦች አሉ፣ ሰማያዊ ኮከብ ሲታይ ዓለም ታልፋለች ብለዋል፣ ዘጠኝ ምልክት ሰጥተው ስምንቱ ተፈጽሟል ይላል። እናቴም ከአዲስ አበባ ደውላ «ልጄ፣ እናንተ አገር ያሉት ሰዎች እንዲህ ብለዋል አሉ፣ እውነት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እዚህ አገር አሥራ አንድ ዓመት ኖሬ ስማቸውን የሰማሁት ገና አሁን ስለሆነ አፈርኩ። የት ነው የሚኖሩት? እምነታቸው ምንድን ነው? ትንቢቱስ? የምታውቁ አስረዱኝ።

ፊኒክስ_ሰፈር፦
የኦሃዮው ወንድሜ፣ ማፈር የለብህም። እኔም ያወቅኋቸው ፊኒክስ ስድስት ዓመት ከኖርኩ በኋላ ነው። ያኔ ታክሲ እነዳ ነበር። በቀን አራት አምስት ጊዜ የምመላለስበት 51 ቁጥር አውራ ጎዳና «ፒየስቴዋ» ይባላል፤ አጠገቡ ያለው ተራራም ስሙ ያው ነው። አንድ ቀን ተሳፋሪዬ «የማን ስም እንደሆነ ታውቃለህ?» አለችኝ። አላውቅም ነበር። ሎሪ ፒየስቴዋ የሆፒ ልጅ ናት፤ የሁለት ልጆች እናትና ወታደር። መጋቢት 2003 (ቀኖቹንና ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች ነው የምጽፈው) ኢራቅ ውስጥ ናስሪያ ላይ የተሳፈረችበት የጦር መኪና ተመትቶ ሞተች። በአሜሪካ ጦር ውስጥ ሆና በውጊያ የሞተች የመጀመሪያዋ የቀደምት ሕዝቦች ሴት እሷ ናት። ከዚያ ቀን በኋላ ነው አገራቸውን ለማየት የተነሣሁት።

አገራቸው ሰሜን ምሥራቅ አሪዞና ነው፤ ከፊኒክስ ወደ አራት ሰዓት ያስነዳል። ፈረንጅ «ሜሳ» የሚለውን እኛ አምባ እንለዋለን፣ ከዚህ የተሻለ ቃል የለም፤ ዙሪያው ገደል፣ አናቱ ሜዳ። ሦስት አምባዎች ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተሰልፈዋል፤ አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው እየተባሉ ይጠራሉ። አሥራ ሁለት የሚሆኑት መንደሮች አብዛኞቹ እዚያ አናት ላይና ግርጌው ላይ ናቸው። ሦስተኛው አምባ ላይ ያለው ኦራይቢ ከዘጠኝ መቶ ዓመት ያላነሰ ሰው ሳይለቀው የኖረ መንደር ነው፤ በመላው አሜሪካ ከእሱ ጋር በዕድሜ የሚፎካከሩት ጥቂት ናቸው። የዛሬውን ክልላቸውን ፕሬዚዳንት ቼስተር አርተር በ1882 ወረቀት ላይ አስምሮ ሰጣቸው ይባላል፤ «ሰጣቸው» የሚለው ቃል ግን ለራሳቸው መሬት አይሆንም። ዙሪያውን የናቫሆ ሕዝብ ሰፊ ክልል ከቧቸዋል።

አሁን በመጀመሪያ ጉዞዬ የሠራሁትን ስህተት ልንገርህ። በአንዱ መንደር ለእንግዳ ክፍት የሆነ የበዓል ጭፈራ ነበር። ገና ሳይጀመር ያረጁትን የድንጋይ ቤቶች ላነሣ ስልኬን አወጣሁ። አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው መጡና «ስልክህን መኪናህ ውስጥ አስቀምጠው» አሉኝ። አልተቆጡም። ተመልሼ ስመጣ ራሳቸው ጥላ ያለበት ቦታ አሳይተውኝ ተቀመጥኩ። በኋላ ነው የገባኝ፦ በመንደሮቹ ፎቶ ማንሣት፣ ድምፅ መቅዳት፣ ሥዕል መሣል ሁሉ ክልክል ነው። ምክንያት አላቸው። ከመቶ ዓመት በፊት በነሐሴ ለዝናብ የሚያደርጉትን የእባብ ሥርዓት ለማየት ቱሪስት በባቡርና በጋሪ ይጎርፍ ነበር፤ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ራሱ በ1913 ዋልፒ ወደሚባለው መንደር መጥቶ አይቶታል። ጸሎታቸው ፖስት ካርድ ሆኖ ተሸጠ። ዛሬ ያ ሥርዓት ለውጭ ሰው ዝግ ነው።

ስለዚህ ስለ እምነታቸው የምጽፍልህ እነሱ ራሳቸው ለእንግዳ የሚናገሩትን ብቻ ነው። ይህ ዓለም አራተኛው ነው ይላሉ። ከሦስተኛው ዓለም በአንድ ቀዳዳ፣ ሲፓፑኒ በሚሉት፣ ወጥተው ሲመጡ የምድሩ ጠባቂ ማሳው ተቀበላቸው። ከበቆሎዎች ምረጡ ሲባል ሌሎቹ ሕዝቦች ትልልቁን ራስ አነሡ፤ ሆፒዎች አጭሩን ሰማያዊ በቆሎ ወሰዱ። ትርጉሙ ኑሮው ከባድ ይሆናል፣ ግን ይዘልቃል ማለት ነው። ማሳው መትከያ እንጨት፣ ዘርና በቅል ውኃ ሰጥቷቸው «እኔ እንደምኖረው ኑሩ» አላቸው። የእምነታቸው መሠረት ይኸው ነው፤ ዝናብ በሌለበት አገር ትሑት ሆኖ በቆሎ መዝራት።

ካትሲና የሚሏቸው መንፈሶች ደግሞ ከፍላግስታፍ ከተማ በላይ ባሉት በረዷማ ተራሮች ላይ ይኖራሉ ይላሉ፤ ዝናብ የሚያመጡት እነሱ ናቸው። ከታኅሣሥ ገደማ ጀምሮ ወደ መንደሮቹ ይመጣሉ፣ በሐምሌ ተሸኝተው ይመለሳሉ። በየካቲት ኪቫ በተባለው፣ ከጣሪያው በመሰላል ወርደው በሚገቡበት የምድር ውስጥ ክፍል፣ እሳት እያነደዱ በብርድ መካከል ቦሎቄ ያበቅላሉ። ውጭው በረዶ ሆኖ ቡቃያው አረንጓዴ ሲወጣ አስበው። ለሴት ልጆች የሚሰጡት ከጥድ መሰል ዛፍ ሥር የሚጠረቡት ትናንሽ ምስሎች ቱሪስት ቤት «አሻንጉሊት» ተብለው ይሸጣሉ፤ ለልጅቷ ግን ስጦታውን ያመጣላት ካትሲናው ራሱ ነው።

ሮማን_ዲሲ፦
ፊኒክስ_ሰፈር፣ እግዜር ይስጥህ፣ ደጋግሜ አነበብኩት። አንድ እርማት ልጨምር፤ የሚጠረበው ከጥድ ሳይሆን ውኃ ዳር ከሚበቅል ኮተንውድ ከሚባል ዛፍ ሥር ነው። ሥሩ ውኃ ፈላጊ ስለሆነ ነው የሚመረጠው።

እኔ ደግሞ ያየሁትን ልንገራችሁ። ፍላግስታፍ አንድ የበዓል ገበያ ላይ የሆፒ እናት ፒኪ ስትጋግር ግማሽ ቀን ቆሜ አየሁ። ሰማያዊ በቆሎ እንደ ዱቄት ላመ፣ በፈላ ውኃና በቁጥቋጦ አመድ ተለወሰ፤ ሰማያዊነቱን የሚያወጣው አመዱ ነው። ከታች እሳት የሚነድበት ጥቁር የድንጋይ ምጣድ አለ። ምጣዱን ያሰሰችው በተፈጨ የሐብሐብ ፍሬ ነው፤ እናቴ በጎመን ዘር ስታስስ ታየችኝና እንባዬ መጣ። ከዚያ በባዶ እጇ፣ ልብ በሉ በባዶ እጇ፣ ሊጡን በጋለው ድንጋይ ላይ አንዴ ጠረገችው። ከወረቀት የሳሳ ሆኖ ወዲያው ይላቀቃል፣ ይጠቀለላል፣ አፍ ውስጥ ይሟሟል። ድንጋዩ ከአያቷ ለእናቷ፣ ከእናቷ ለእሷ የደረሰ ነው። እጇን አሳየችኝ፤ ጣቶቿ ጫፍ ላይ አሻራ የላቸውም ማለት ይቻላል።

ሌላም ነገረችኝ። ቤቱም፣ ዘሩም፣ የእርሻው መሬትም የሴቷ ነው። ወንዱ ያርሳል፤ አዝመራው እቤት ሲገባ የእሷ ይሆናል። ሲያገባም እሱ ነው ወደ እሷ ቤት የሚሄደው። ልጅ የሚቆጠረው በእናቱ ጎሳ ነው፤ ድብ፣ ቀበሮ፣ በቆሎ፣ ፀሐይ የሚባሉ ጎሳዎች አሏቸው። ስም የሚያወጡት ግን የአባት እህቶች ናቸው። ሕፃኑ ሃያ ቀን ፀሐይ ሳያየው ይቆይና፣ በሃያኛው ቀን ንጋት አክስቶቹ ስም አውጥተው ለፀሐይ ያሳዩታል። አጠገቡ ሙሉ የበቆሎ ራስ ተቀምጦ ይሰነብታል፤ በቆሎዋም እናቱ ናት።

ፊኒክስ_ሰፈር፦
ሮማን እህቴ፣ ልክ ነሽ፣ ኮተንውድ ነው። ተሳስቼ ነበር፤ አመሰግናለሁ።

በቆጂ_ሯጭ፦
ሆፒ የሚለውን ስም አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። ሉዊስ ቴዋኒማን ታውቁታላችሁ? ሁለተኛው አምባ ላይ ሾንጎፓቪ የተወለደ ሆፒ ነው። በስቶክሆልም 1912 ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር የብር ሜዳሊያ ወሰደ። ጊዜው 32፡06.6 ነበር። ከዚያ በኋላ ሌላ አሜሪካዊ በዚያ ርቀት ሜዳሊያ ያገኘው በቶኪዮ 1964 ነው፤ ቢሊ ሚልስ፣ እሱም ከላኮታ ሕዝብ የተወለደ። የቶኪዮው ሩጫ ላይ አራተኛ የወጣው የእኛው ማሞ ወልዴ ነበር! ልጅ ሆኜ ያንን ውድድር አባቴ ሲያወሩት እሰማ ነበር፤ ያሸነፈው ሰው ማንን ተከትሎ እንደመጣ ግን ማንም አልነገረኝም።

የቴዋኒማ ታሪክ ግን ከሜዳሊያው ይከብዳል። ወደ ስፖርት የገባው ወዶ አይደለም። መንግሥትን አንቀበልም ካሉት ወገን ስለሆነ በ1907 በወታደር ታጅቦ ፔንሲልቫኒያ ካርላይል ወደሚባል የቀደምት ሕዝቦች አዳሪ ትምህርት ቤት የተላከ እስረኛ ነበር። እዚያ ነው ሩጫው የታየለት። ሜዳሊያውን ይዞ ወደ አምባው ተመለሰ፤ በጎቹን እየጠበቀ፣ በቆሎውን እየዘራ፣ በሥርዓቱ እያገለገለ ኖረ። በ1969 በእርጅናው፣ ሌሊት ከኪቫ ሥርዓት ሲመለስ ከገደል ወድቆ ሞተ።

ለሆፒ ሩጫ ጸሎት ነው። በንጋት የሚሮጠው ደመናው እንዲፈጥን፣ ዝናቡ ወደ ማሳው እንዲሮጥ ነው። የሆፒ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወንዶች ከ1990 እስከ 2016 በተከታታይ 27 ጊዜ የአሪዞናን የአገር አቋራጭ ሻምፒዮና በልተዋል። ሃያ ሰባት! አሠልጣኝ ለሆናችሁ፦ ልጆቹ ከመሮጣቸው በፊት ለማን እንደሚሮጡ ይነገራቸዋል።

የኦሃዮው፦
ወንድሞቼ፣ እህቴ፣ ምን እንደምላችሁ አላውቅም። ሁሉንም እያነበብኩ ነው። ግን እናቴ የምትጠብቀው መልስ አለ። ትንቢቱስ?

ገብረ_እግዚእ፦
ይቅርታ አድርጉልኝና፣ የማታውቁትን ባዕድ አምልኮ እንዲህ ማሞገስ ለምን አስፈለገ? ትንቢት ከፈለግን የራሳችን መጻሕፍት አሉን። ለእናትህ ይህንኑ ንገራት።

ፊኒክስ_ሰፈር፦
ገብረ እግዚእ ወንድሜ፣ ማንም እመኑ አላለህም። እነሱም አይሉም፤ ሆፒ እምነቱን ለሌላ አይሰብክም። እኔም እሑድ ቅዳሴ የማስቀድስ ሰው ነኝ። ግን እነሱን በኃይል ለመለወጥ ሲሞከር የሆነውን ብታውቅ ጥሩ ነው። የፍራንሲስካን መነኮሳት በ1629 መጥተው አዋቶቪ በሚባለው የሆፒ መንደር ቤተ ክርስቲያን ሠሩ፤ ሰዎቹ የጣሪያውን ግንድ ከሩቅ ተራራ በትከሻቸው ተሸክመው አመጡ። በ1680 ሆፒዎች ከሌሎቹ የፑዌብሎ ሕዝቦች ጋር አብረው ተነሡና እስፓኞቹን አባረሩ፤ ካህናቱም ተገደሉ። ሃያ ዓመት ቆይቶ አዋቶቪ መነኮሳቱን መልሳ ስትቀበል፣ የቀሩት ሆፒዎች የራሳቸውን መንደር አቃጥለው አጠፉት። ስማቸው «ሰላማዊ፣ ጨዋ» ማለት የሆነ ሕዝብ ይህን አድርጓል። ዛሬም ስለ አዋቶቪ ማውራት ይከብዳቸዋል፤ እኔም ደፍሬ ጠይቄ አላውቅም።

አሁን የኦሃዮው ወደ ጥያቄህ። ያ የዘጠኝ ምልክትና የሰማያዊ ኮከብ ዝርዝር የተሰራጨው ሆፒ ያልሆኑ ሰዎች በጻፉት ነው፤ ከዚያ ከአፍ ወደ አፍ፣ ከኢንተርኔት ወደ ኢንተርኔት ሲተላለፍ እያበጠ መጣ። በየአምባው ያለ ሽማግሌ የሚስማማበት አንድ «የሆፒ ትንቢት» የሚባል መጽሐፍ የለም። እያንዳንዱ ጎሳ የየራሱ ታሪክ፣ የየራሱ ጉዞ፣ የየራሱ አደራ አለው፤ የአንዱን ሌላው አይናገርም።

ይህ ማለት ግን ማስጠንቀቂያ የላቸውም ማለት አይደለም። ሂሮሺማ ላይ ቦምብ ከወደቀ በኋላ፣ በ1948 ሽማግሌዎች ተሰብስበው ከጥንት የሰሙት አመድ የሞላበት ቅል ይሄ ቦምብ ነው አሉ፤ ለዓለም እንዲናገሩም አስተርጓሚዎች መረጡ። አንዱ ቶማስ ባንያሲያ ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለውትድርና አልመዘገብም ብሎ ዓመታት የታሰረ ሰው። የመንግሥታቱ ድርጅት በር እስኪከፈትለት አርባ ዓመት ፈጀበት፤ ታኅሣሥ 1992 ኒው ዮርክ ላይ ሲናገር ከወንበሮቹ የሚበዙት ባዶ ነበሩ። የተናገረው ስለ ኮከብ አልነበረም። ሚዛኑን የሳተ ኑሮ እየኖራችሁ ነው፣ ከመሬት ሆድ የምታወጡትን ተዉት፣ ነው ያለው። ከሆፒዎችም መካከል እሱ የመናገር ሥልጣን የለውም ያሉ ነበሩ፤ ይህንንም ማወቅ አለብህ።

ለእናትህ ከዚህ ቪዲዮ ይልቅ የ1906ን ታሪክ ንገራት። መንግሥት ልጆቻቸውን ለአዳሪ ትምህርት ቤት አምጡ እያለ ያስገድድ ነበር። በ1895 ልጆቻችንን አንሰጥም፣ መሬታችንንም አታከፋፍሉን ያሉ 19 ሆፒዎች አልካትራዝ ደሴት ታስረዋል፤ ያ ዝነኛ እስር ቤት ማለት ነው። በኦራይቢ ሕዝቡ ለሁለት ተከፈለ። መስከረም 8 ቀን 1906 ሁለቱ ወገኖች መሬት ላይ መስመር አሰመሩ። መሣሪያ አልነበረም። መሪዎቹ ታዋኳፕቴዋና ዩኪዩማ መካከል ቆሙ፤ የየወገኑ ሰው ከኋላ እየገፋ፣ መስመሩን ተገፍቶ ያለፈው መንደሩን ይለቅቃል። ለሰዓታት ተገፋፉ። የዩኪዩማ ወገን ተገፋ፤ የዚያኑ ዕለት ማታ ዕቃውን ተሸክሞ ወጥቶ ሆትቪላ የሚባለውን መንደር መሠረተ። ወንድምና ወንድም የተለያየበት ቀን ነው፣ ቤተሰብ ለሁለት ተቀደደ፤ ደም ግን አልፈሰሰም። እኔ ይህን ታሪክ ስሰማ ለብዙ ቀን ከአእምሮዬ አልወጣም።

ሥነ_ልሳን፦
አንድ ሌላ ተረትም አብሮ ይታረም። «ሆፒ ቋንቋ ውስጥ ጊዜ የለም» የሚል ነገር ዩኒቨርሲቲ ስንማር ሰምተናል። የቋንቋ ተመራማሪው ቤንጃሚን ዎርፍ በ1930ዎቹ ያለው ነው። ኤክሃርት ማሎትኪ የሚባል ተመራማሪ ከሆፒዎች ጋር ዓመታት ሠርቶ በ1983 ከ600 ገጽ በላይ በሆነ ጥናት ቋንቋው በጊዜ ቃላት የተሞላ መሆኑን አሳየ። ፀሐይ በአድማሱ ላይ የት እንደወጣች እያዩ የሚዘሩበትን ቀን የሚቆርጡ ገበሬዎች ጊዜ አያውቁም ማለት ራሱ አያስኬድም።

ደብረ_ታቦር_1፦
ፊኒክስ_ሰፈር ስለ ፎቶው ያልከው ልቤን ነካው፤ ምክንያቱም የባሰ ሆኗል። ሚያዝያ 2013 ፓሪስ ውስጥ ሰባ ያህል የሆፒ ቅዱሳት ዕቃዎች በጨረታ ተሸጡ። እኛ ጭምብል የምንላቸው ናቸው፤ እነሱ ግን «ወዳጆች» ይሏቸዋል፣ ሕይወት እንዳላቸው ነው የሚያዩአቸው። የሆፒዎች የራሳቸው መንግሥት ለመነ፣ የአሜሪካ ኤምባሲ ይቆይ አለ፣ ጠበቃ ቆመ፤ ፍርድ ቤቱ አላገደም። ታኅሣሥ ላይ ሌላ ጨረታ ሲወጣ አነንበርግ የተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት ለማንም ሳይናገር በስልክ ተጫርቶ 24ቱን በ530,000 ዶላር ገዛና መለሰላቸው፤ 21ዱ የሆፒ፣ ሦስቱ የአፓቺ ነበሩ። ሆፒዎቹ ራሳቸው አልተጫረቱም። የተሰረቀ ወዳጅ በገንዘብ አይገዛም፣ ዋጋ ከወጣለት ሌባው ይበረታል ነው ያሉት። በ2022 መጨረሻ እንዲህ ያሉ ዕቃዎች ከአሜሪካ እንዳይወጡ የሚከለክል ሕግ ተፈርሟል።

እኔ የመቅደላ ታቦቶች ነገር ስለሚያንገበግበኝ ነው ይህን የተከታተልኩት። በ1868 የተዘረፉት 11 ታቦታት ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ማንም ሳያያቸው ተቆልፎባቸዋል። ለምን ለእይታ እንደማይቀርቡ ለፈረንጅ ማስረዳት ስንት ዓመት ፈጀብን? ገብረ እግዚእ ወንድሜ፣ እምነቱ የእኛ አይደለም፣ እውነት ነው። መታየት የሌለበት ነገር ሲታይ የሚሰማው ሕመም ግን ምን እንደሆነ ከእኛ በላይ ማን ያውቃል?

ገብረ_እግዚእ፦
ደብረ ታቦር፣ ይህንን አላውቅም ነበር። ከላይ የጻፍኩት ቸኩዬ ነው፤ ይቅርታ። ታቦቱን ስታነሣ ገባኝ።

የውኃ_መሐንዲስ፦
ባንያሲያ «ከመሬት ሆድ የምታወጡትን ተዉት» ያለው ምን እንደሆነ ልጨምር፤ ሙያዬ ስለሆነ አነበብኩት። ብላክ ሜሳ በሚባለው ሰፊ አምባ ላይ ፒቦዲ የተባለው ኩባንያ በ1960ዎቹ በፈረመው ውል የድንጋይ ከሰል ያወጣ ነበር። ከሰሉን ፈጭቶ ከውኃ ጋር አደባልቆ በ440 ኪሎ ሜትር ቧንቧ ኔቫዳ ወዳለ የኃይል ማመንጫ ይገፋዋል። የሚጠቀመው ደግሞ ሆፒና ናቫሆ የሚጠጡትን ንጹሕ የከርሰ ምድር ውኃ ነው፤ በቀን ከ12 ሚሊዮን ሊትር በላይ። በዓመት 25 ሳንቲ ሜትር ዝናብ በማያገኝ አገር! ሕዝቡ ምንጮቻችን እየደረቁ ነው እያለ ታገለ፤ ቧንቧው የቆመው በ2005 መጨረሻ ነው። ሌላው የከሰል ማውጫና ከሰሉን የሚያነደው ማመንጫ በ2019 ሲዘጉ ደግሞ የሆፒ መንግሥት የገቢውን አብዛኛውን እጅ አጣ። ውኃው ተረፈ፣ ደመወዙ ጠፋ። ለዚህ ቀላል መልስ የለኝም።

እርሻቸውን ግን እያንዳንዱ የግብርና ባለሙያ ቢያየው እወድ ነበር። መስኖ የለም። ጉድጓዱን በመትከያ እንጨት ከአንድ ስንዝር በላይ፣ አንዳንዴ እስከ ክንድ ያህል ይቆፍራሉ፤ የበረዶው እርጥበት አሸዋው ሥር የሚቆየው እዚያ ነው። በአንድ ጉድጓድ አሥርና ከዚያ በላይ ፍሬ ይጥላሉ፤ ቁራውም ትሉም ድርሻ አለው። ሌላው የበቆሎ ዘር ከዚያ ጥልቀት መውጣት አይችልም፤ የሆፒ ዘር ቡቃያ ግን ረዝሞ ይወጣል፤ ያ ለመቶዎች ዓመታት የተመረጠ ዘር ነው። ሴቶቹ ናቸው የሚያስቀምጡት።

የኦሃዮው፦
መሄድ እፈልጋለሁ። በጸደይ ፈቃድ አለኝ። ምን ልወቅ?

ፊኒክስ_ሰፈር፦
ና፣ እኔ ጋ ታድራለህ። ነዳጅ ፍላግስታፍ ላይ ሙላ። ሰዓትህን ተጠንቀቅ፤ አሪዞናም ሆፒም በበጋ ሰዓት አይቀይሩም፣ ናቫሆ ግን ይቀይራል፣ ስለዚህ ክልሉን ስታቋርጥ አንድ ሰዓት ይሳሳትብሃል። 264 ቁጥር መንገድ ሦስቱንም አምባ ያገናኛል። ሁለተኛው አምባ ላይ ባለው የባህል ማዕከል ማደሪያና ምግብ ቤት አለ፤ ኖክዊቪ የሚሉትን የበግ ሥጋና የበቆሎ ወጥ ብላ። ወደ መንደሮቹ ስትገባ መጀመሪያ ጠይቅ፣ ዋልፒ ያለ አስጎብኚ አይገባም። ጭፈራ ካለና ለእንግዳ ክፍት ነው ካሉህ ዝም ብለህ ቁም፤ ልብስህ ጨዋ ይሁን፣ ምንም አትጠይቅ፣ አታጨብጭብ። ስታመሰግን እኛ ወንዶች «ኳክሃ» እንላለን፤ ሴት ብትሆን «አስኳሊ» ነው የምትለው።

የኦሃዮው፦
ኳክሃ፣ ጋሼ። ትናንት ለእናቴ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ በቆሎው፣ ስለ ሃያኛው ቀን፣ ስለ መስመሩ። ስለ ኮከቡ ደግማ አልጠየቀችኝም። «ዘንድሮስ ዘንቦላቸዋል?» ነው ያለችው።

ፊኒክስ_ሰፈር፦
ሽማግሌውን ጠይቄ እነግርሃለሁ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ እወጣለሁ።